ሞተሩ አለሁ የለሁም ሲል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች ጥገና ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገባሉ። አውሮፕላኑ ከመሬት እየተነሳ ሳለ ሞተሩ ጉልበት ቢያጣስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ለማታውቁኝ፣ እኔ መካኒክ ነኝ። ሥራውን የለመድኩት ቦሌ ነው፤ አሁን ኮሎራዶ ውስጥ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ስፈታና ስገጥም እውላለሁ። የማብረር ፈቃድም አለኝ። ግን አብራሪነቴ ከመካኒክነቴ በኋላ የመጣ ስለሆነ መልሴ ወደ ሞተሩ ቢያጋድል አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን የ1978 ሞዴል ሴስና 172 ገዛን። ማብረር የተማርኩት ሂዩስተን ነው፤ እዚያ አንድም ችግር አልነበረብኝም። እዚህ ከሰንቴኒያል አውሮፕላን ማረፊያ ስነሳ ግን ሞተሩ ይንተባተባል። በተለይ በሐምሌ ሙቀት መንደርደሪያው እያለቀ አውሮፕላኑ አልነሳም ይላል። ሁለት መካኒኮች አይተውት ጤነኛ ነው አሉኝ። አስተማሪዬ እንዳሳየኝ ቀዩን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍቼ ነው የምነሳው። ምን ይሻለኛል?
*(አንባቢ፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)*

መልስ፦ ወንድሜ፣ መካኒኮቹ እውነታቸውን ነው። ነገሩ ያለው «እስከ መጨረሻው ገፍቼ» ያልከው ላይ ነው።

ቀዩ እጀታ ሚክስቸር ይባላል። ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ የሚመጥነው እሱ ነው። ሂዩስተን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ የሰጠኸውን ነዳጅ ሁሉ ያቃጥላል። ሰንቴኒያል ግን 5,885 ጫማ ላይ ነው። አየሩ ሳስቷል፤ ነዳጁ አልቀነሰም። ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። በካርቡሬተር የሚሠራ አሮጌ ቮልስዋገን ይዞ እንጦጦን የወጣ ሰው ይሄን ድምፅ አይስተውም።

መላው ቀላል ነው። መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ፍሬን ያዝና ጋዙን ሙሉ ስጥ። ከዚያ ቀዩን እጀታ ቀስ እያልክ ወደ ራስህ ሳብ። ዓይንህ የሞተሩ ዙር መቁጠሪያ ላይ ይሁን። ሳታስበው ዙሩ መጨመር ይጀምራል፤ ድምፁም ይጠራል። ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ወይም ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እጀታውን ትንሽ ወደፊት መልስለት። አለቀ። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ስትነሳ እንዲህ አድርግ ብሎ የአውሮፕላንህ መጽሐፍ ራሱ ይነግርሃል። ብዙ ሰው መጽሐፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይበራል እንጂ አይገልጠውም። ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ስለሆነ እዚያ የሚማር ልጅ ይሄን ነገር ገና በመጀመሪያው ሰሞን ይለምደዋል። ባሕር ዳርቻ የተማረ ሰው ግን ተራራ እስኪገጥመው ድረስ ቀዩ እጀታ ሞተር ማጥፊያ ብቻ ይመስለዋል።

ሚክስቸሩን ብታስተካክልም ግን የሂዩስተኑን ሞተር መልሰህ አታገኘውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህሉን ያጣል። ሙቀቱን ደግሞ ጨምርበት። 5,885 ጫማ ላይ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ 32 ዲግሪ ሲሆን አየሩ እንደ 9,300 ጫማ አየር ይሳሳል። ያኔ 160 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተርህ የሚሰጥህ 115 ገደማ ነው። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚሠሩት በዚያው ስስ አየር ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ሙሉ ነዳጅና ሻንጣ ጭነህ «አልነሳም» ቢልህ አይፈረድበትም።

ስለዚህ በበጋ ሳይሞቅ በጠዋት ውጣ። ነዳጁንም ለመንገድህና ለመጠባበቂያ በሚበቃህ ልክ ቅዳ። አንድ የቆየ የአብራሪዎች ልማድም አለ፤ እኔ እወደዋለሁ። የመንደርደሪያው እኩሌታ ላይ ስትደርስ ከመነሻ ፍጥነትህ 70 በመቶውን ካልያዝክ ጋዙን ዘግተህ ቁም። በ55 ኖት አፍንጫውን የምታነሳ ከሆነ እኩሌታው ላይ ወደ 40 ኖት ማየት አለብህ ማለት ነው። (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው።) እኩሌታው የቱ ጋ እንደሆነ ደግሞ ሳትነሳ በፊት በዓይንህ ምልክት ያዝ። እየተንደረደርክ ትፈልገው ከሆነ አታገኘውም።

አውሮፕላንህ አሮጌ ስለሆነ ሌላ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሳ ነዳጅ የምትረጭበት ትንሽ ፓምፕ አለች። ከተጠቀምክባት በኋላ ገፍተህ፣ አዙረህ ካልቆለፍካት ሞተሩ በሷ በኩል ትርፍ ነዳጅ ይምጋል። ያኔም ይንተባተባል። አንተም ሚክስቸሩን ትወቅሳለህ። ሁለተኛው የጋዝ እጀታው ማጥበቂያ ነው። ከላላ እጀታው በንዝረት ብቻ ወደ ኋላ ይመለሳል። አውሮፕላኑ እየወጣ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ይቀንሳል፤ አብራሪው ሞተር የሞተ ይመስለዋል። ስትነሳ እጅህን ከጋዙ ላይ አታንሳ የሚሉህ አንዱ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ማብረር ጀመረ። አውሮፕላኑ ሞተሩ አንድ ብቻ ነው። ከጠፋ እንደ ድንጋይ ዱብ ነው? ልጆቹ አትሳፈሪ ይሉኛል፤ እሱ ደግሞ ነይ ይለኛል።
*(እናት፣ ከዳላስ)*

መልስ፦ እመቤቴ፣ ዱብ አይልም። አውሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው፤ ሞተሩ ወደፊት ይገፋዋል። ሴስና 172 ሞተሩ ጠፍቶ በአንድ ሜትር ከፍታ 9 ሜትር ያህል ወደፊት ይንሸራተታል። 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የሚያርፉበት ሜዳ ለመምረጥ ጊዜ አለ። መነሻ ላይ ግን ከፍታው የለም። 100 ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን የቀረው 900 ሜትርና ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ጭንቁ ሁሉ እዚያች ደቂቃ ላይ የሚከመረው ለዚህ ነው።

ልሳፈር ወይ ላሉት፣ አንድ ጊዜ አብረው ሄደው መሬት ላይ ቆመው ይዩት። ከመነሳቱ በፊት ከአውሮፕላኑ ሆድና ክንፍ ሥር ነዳጅ ቀድቶ በብርሃን ያያል? መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ «ሞተሩ እዚህ ቢጠፋ እቆማለሁ፣ እዚያ ቢጠፋ ያቺ ሜዳ ላይ አርፋለሁ» ብሎ ድምፁን አሰምቶ ይናገራል? የሚናገር ከሆነ እኔ ብሆን እሳፈራለሁ። «ኧረ ምንም አይሆንም» የሚል ከሆነ ግን የልጆቹን ይስሙ።

ጥያቄ፦ እዚህ ቨርጂኒያ ማብረር እየተማርኩ ነው። አስተማሪዬ «ስትነሺ ሞተር ከጠፋ ቀጥታ ወደፊት እረፊ፤ እንዳትመለሺ» ይለኛል። ሃሪሰን ፎርድ ግን ሊመለስ ሞክሮ አልነበር? መመለስ የሚቻለው መቼ ነው? ደግሞስ ሞተሩ ጨርሶ ባይጠፋና ጉልበቱ ብቻ ቢቀንስ ምን አደርጋለሁ?
*(ተማሪ አብራሪ፣ ከአሌክሳንድሪያ)*

መልስ፦ ልጄ፣ ከፎርድ ልጀምር። ተዋናዩ እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2015 ከሳንታ ሞኒካ ተነሳ። የያዛት ራያን ፒቲ-22 ትባላለች፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ማሠልጠኛ ናት። ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ልመለስ ብሎ ለግንቡ፣ ማለትም በረራ ለሚቆጣጠሩት ሰዎች፣ ተናገረ። ዞሮ ሲያይ መንደርደሪያው እንደማይደርስለት ገባውና አጠገቡ ባለው የፔንማር ጎልፍ ሜዳ ላይ አወረዳት። የዛፍ ጫፍ ነክታ ወደቀች። ክፉኛ ተጎዳ፤ ግን ተረፈ። መርማሪዎች ካርቡሬተሩን ሲከፍቱ ነዳጅ የምትመጥነው፣ ጄት የምትባል ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን ከመቀመጫዋ ተፈትታ አገኟት። ነዳጁ ያለ ልክ ፈሰሰ፤ ሞተሩ ታፈነ። የአውሮራው ወንድማችን በእጁ ያደረገውን እዚያ አንዲት የላላች ብሎን አደረገችው። ፎርድን ያተረፈው ደግሞ ልመለስ ማለቱ አይመስለኝም። እንደማይደርስ ሲያውቅ ሐሳቡን ቀይሮ፣ አውሮፕላኗ በእጁ እንዳለች ያገኘው ሜዳ ላይ ማውረዱ ነው።

አስተማሪሽ ልክ ነው። ለምን እንደሆነ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለተማሪዎች ባዘጋጀው መማሪያ ውስጥ የቆየ ምሳሌ አለ። አውሮፕላኑ 300 ጫማ ላይ ሳለ ሞተሩ ጠፋ። አብራሪው ከድንጋጤው እስኪነቃ 4 ሰከንድ ሄደ። ከዚያ በ65 ኖት እየተንሸራተተ፣ በሰከንድ 3 ዲግሪ እየዞረ ፊቱን መለሰ። ፊቱን መለሰ ማለት ግን መንደርደሪያው ፊቱ ነው ማለት አይደለም። ዙሩን ሲጨርስ ከመንደርደሪያው 4,200 ጫማ ወደ ጎን ወጥቷል። ስለዚህ ሌላ 45 ዲግሪ መዞር አለበት። ሲደመር 225 ዲግሪ፣ 75 ሰከንድ። በደቂቃ 1,000 ጫማ እየወረደ፣ ከነድንጋጤው 1,316 ጫማ ያጣል። በእጁ የነበረው 300 ነው።

«እሺ፣ ጠበብ አድርጌ ብዞርስ?» ትይኛለሽ። ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ሴስና 172 ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል) ሳይወርድ፣ ክንፉ ተስተካክሎ ሲበር ስቶል የሚያደርገው ወደ 50 ኖት ላይ ነው። ስቶል ማለት ክንፉ አየሩን መያዝ አቅቶት አውሮፕላኑ ሲከዳ ነው። ክንፉን 45 ዲግሪ ስታጋድዪው ቁጥሩ ወደ 60 ይወጣል። 60 ዲግሪ ካጋደልሽው 70 ይደርሳል። አንቺ ደግሞ የምትንሸራተቺው በ65 ነው። መሬቱ ሲቀርብ እጅ ሳይታዘዝ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፣ እግርም አፍንጫውን ለማዞር ፔዳሉን ይረግጣል። አውሮፕላኑ በአንድ ክንፉ ይገለበጣል። 200 ጫማ ላይ ከዚያ የሚመለስ የለም።

የሚቻልበት ከፍታ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ግን ከሌላ ሰው የምትበደሪው ቁጥር አይደለም። ከአስተማሪሽ ጋር 3,000 ወይም 4,000 ጫማ ላይ ወጥታችሁ፣ አፍንጫው እንደ መነሻ ቀና ብሎ ሳለ ጋዙን ይዝጋብሽ። አራት ሰከንድ ቁጠሪ። ዙሪ። ስንት ጫማ እንዳጣሽ ጻፊ። በዚያ ላይ ጥሩ መጠባበቂያ ጨምሪበት። ያንቺ ቁጥር እሱ ነው፤ አውሮፕላን ስትቀይሪ ወይም ጭነት ሲበዛ እሱም ይቀየራል። ከዚያ ቁጥር በታች ከሆንሽ ፊት ለፊት ነው። ፊት ለፊት ሲባል ደግሞ እንደ ማስመሪያ ቀጥታ ማለት አይደለም፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ትችያለሽ። ከምትነሺበት መንደርደሪያ ጫፍ ምን እንዳለ ቤትሽ ሆነሽ የሳተላይት ካርታ ላይ እዪ። የእግር ኳስ ሜዳ ይኖራል፣ እርሻ ይኖራል፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይኖራል።

ሞተር ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። ወደ ላይ እየወጣሽ ስለነበር አፍንጫው ቀና ብሏል፤ ሞተር ሳይኖር እንደዚያ ከቆየ ፍጥነቱ በሰከንዶች ያልቃል። ሬዲዮው ይቆይ። ግንቡ ሊገፋሽ አይመጣም።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄሽ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው እሱን ነው። ከተማሪዎች ጋር ስናወራ ሁሉም የተለማመደው ጨርሶ ለሚጠፋ ሞተር ነው። አስተማሪው ጋዙን ይዘጋል፣ ተማሪው አፍንጫውን ይገፋል፤ ደግ። ሜዳ ላይ የምናየው ግን ሌላ ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ከተነሱ በኋላ የደረሰባቸውን ሰብስቦ ነበር። ጨርሶ የጠፋ ሞተር 75፤ ጉልበቱ በከፊል የቀነሰ 242። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። አሁን የሞተውን ተመልከቺ። ጨርሶ ከጠፋባቸው 75ቱ ውስጥ ሰው የሞተበት አንድም የለም። በከፊል ከቀነሰባቸው ውስጥ ግን 9ኙ ላይ ሰው ሞቷል።

ግራ ያጋባል አይደል? ለኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። የጠፋ ሞተር ምርጫ አይሰጥሽም። አፍንጫሽን ትገፊያለሽ፣ ሜዳ ትመርጪያለሽ፣ ታርፊያለሽ። አለሁ የለሁም የሚል ሞተር ግን ያታልላል። ትንሽ ይገፋል፣ ትንሽ ይተዋል። «እስከ መንደርደሪያው ቢያደርሰኝ» ያሰኛል። አብራሪው ከፍታ ላለማጣት አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ ዞሮ ለመመለስ ክንፉን ያጋድላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከላይ ነግሬሻለሁ።

እና ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ የመንሸራተቻ ፍጥነትሽን ያዢ። በዚያ ፍጥነት ከፍታሽን ይዘሽ መሄድ ከቻልሽ ቀጥታ ሂጂ፤ ብትዞሪም በጣም ሰፋ አድርገሽ ይሁን። ጊዜ ካለሽ ደግሞ እጅሽ የሚደርስበትን ሞክሪ፦ የካርቡሬተር ማሞቂያ፣ ሚክስቸር፣ ነዳጅ መምረጫ፣ ማግኔቶ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው)። ከፍታ መያዝ ካልቻልሽ ግን ሞተሩ እንደሞተ ቁጠሪው። ያየሽው ሜዳ በቂ ከሆነ ጋዙን ራስሽ ዝጊና እረፊ። ይሄን ማድረግ ለሰው በጣም ይከብዳል፤ የሚሠራ ሞተር በገዛ እጅ መዝጋት ነዋ። ግን ሞተሩ ከቤት ጣሪያ በላይ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ከሚዘጋብሽ፣ አንቺ በመረጥሽው ቦታ ብትዘጊው ይሻላል። በሚቀጥለው ትምህርትሽ አስተማሪሽ ጋዙን ጨርሶ ሳይሆን እስከ ግማሽ ብቻ እንዲመልስብሽ ጠይቂው። ፊቱን እዪው፤ ምናልባት እሱም አለማምዶት አያውቅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ነዳጅ ቀጂ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። አለቃዬ የጄት ነዳጅና የቤንዚኑን ነገር ደጋግሞ ያስጠነቅቀኛል። ብሳሳት ሞተሩ ወዲያው አይነሳም ነበር፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው?
*(አንባቢ፣ ከቴክሳስ)*

መልስ፦ የሚያስፈራውማ ወዲያው መነሳቱ ነው። ቧንቧውና ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀድሞው ጥሩ ቤንዚን አለ። ሞተሩ በሱ ይነሳል፣ አውሮፕላኑ በሱ እስከ መንደርደሪያው ይሄዳል፣ ፍተሻውን ሁሉ ያልፋል። አንተ የቀዳኸው የሚደርሰው ጋዙ ሙሉ ተሰጥቶ ከመሬት ሲነሳ ነው። የጄት ነዳጅ የላምባ ዘመድ ነው። የቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲገባ በሥርዓት አይቃጠልም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ይፈነዳል። ሞተሩ ይንኳኳል፣ ይግላል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል።

ባለ 100 ኦክቴኑ፣ 100LL የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም አለው። የጄት ነዳጁ ውሃ መሳይ ወይም ገለባ መሳይ ነው። ግን ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰማያዊው ስለማይጠፋ ቀለሙን ብቻ አትመን። ጥርጣሬ ካለህ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል። ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፤ የጄት ነዳጅ ካለበት የቅባት ክብ ይተዋል። የጄት ነዳጅ ማደያ አፉ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ የተሠራው የቤንዚን ቋት ውስጥ እንዳይገባ ነው። አልገባም ካለህ አትታገለው። አፉን በክቡ ቀይሮ የሚቀዳ ሰው ካየህም ጮህ ብለህ አስቁመው።

አንተን በተለይ የሚያሳስትህ ዳይመንድ ዲኤ40 ነው። ላይኮሚንግ ሞተር ያለው ቤንዚን ነው የሚፈልገው። ዲኤ40 ኤንጂ የሚባለው ደግሞ ኦስትሮ የሚባል ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ስላለው የጄት ነዳጅ ይጠጣል። ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው። በስሙ ሳይሆን መቅጃው ክዳን አጠገብ የተለጠፈውን አንብበህ ቅዳ። አብራሪው «ሙላው» ብሎህ ሄዶ ከሆነም በምን እንደሆነ ጠይቀህ በጽሑፍ ያዝ።

ውሃንም እንዳትረሳ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ከቋቱ ሥር ይተኛል። አንድ ጊዜ ዝናብ ሲዘንብበት የከረመ ሴስና መጣልን። ከክንፉ ሥር በብርጭቆ ቀዳሁ፤ ጥርት ያለ ነገር። ባለቤቱ «ይኸው ንጹሕ ነው» አለኝ። አሸተትኩት፤ አይሸትም። ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ውሃ ነበር! ሰማያዊ የለም፣ ሽታ የለም። ግማሽ በግማሽ ቢሆን ኖሮ መስመሩን ያየው ነበር፤ ሙሉ ውሃ ስለሆነ አሳሳተው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዝናቡ ሲገባ የከረመው በሱ ነው። ጎማው ርካሽ ነው። ክዳን በከፈትክ ቁጥር ጎማውን በጣትህ ዳሰው፤ ከደረቀ ለባለቤቱ ንገረው። ጥሩ ቀጂ ከግማሽ መካኒክ አይተናነስም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን አቅራቢያ ነው። ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሆኖ ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ሠራ ሲሉኝ አላምን አልኩ። እውነት ነው?
*(አንባቢ፣ ከእንግሊዝ)*

መልስ፦ እውነት ነው። ነዳጁ ሲተንና አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ካርቡሬተሩ ውስጥ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። እርጥበት ካለ በረዶ ይጋገራል፤ የአየሩን መግቢያ ያጠብባል። የእንግሊዝ አየር ለዚህ የተመቸ ነው። መሬት ላይ ወረፋ ስትጠብቅ ብዙ ከቆየህ፣ መንደርደሪያው ላይ ከመግባትህ በፊት ማሞቂያውን ሳብና ጥቂት ሰከንዶች ጠብቅ። ዙሩ ወርዶ እዚያው ከቆመ በረዶ የለም። ወርዶ ተንገዳግዶ መልሶ ከወጣ በረዶ ነበረ፤ ቀልጧል ማለት ነው። ከዚያ ማሞቂያውን መዝጋት አትርሳ። ሞቃት አየር ስስ ስለሆነ ተከፍቶ ከተነሳህ ራስህ ጉልበት ቀነስክ። ሞተርህ ካርቡሬተር የሌለው፣ በኢንጀክሽን የሚሠራ ከሆነ ይሄ ሁሉ አይመለከትህም።

ጥያቄ፦ ወፍ ሞተር ያጠፋል የሚባለው ለትንሽ አውሮፕላንም ይሠራል?
*(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)*

መልስ፦ እናንተ ከተማ ይሄ ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። ያ ግን አየር ወደ ውስጥ የሚምግ የጄት ሞተር ነው። ፕሮፔለር ያለው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ወፍ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መስተዋቱን ወይም ክንፉን ነው። ለትንሹ ሞተር የምፈራው የምትበረውን ወፍ ሳይሆን ጎጆ የምትሠራውን ነው። ቆሞ በከረመ አውሮፕላን የሞተር ክዳን ሥር ወፍ ጭራሮ ትከምራለች። ተርብ ደግሞ የነዳጁን ቋት መተንፈሻ ቱቦ በጭቃ ይደፍናል። ነዳጁ ሲቀንስ ቦታውን የሚተካ አየር ካልገባ ወደ ሞተሩ መውረዱን ያቆማል። ሴስና 172 ላይ መተንፈሻው ከግራ ክንፍ ሥር ያለችው ቱቦ ናት፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ የአደጋ ጊዜ ዝርዝሩ ላይ «ከማረፍ በፊት በሩን ክፈት» ይላል። አየር ላይ በር መክፈት ምን ይባላል?
*(አንባቢ፣ ከሲያትል)*

መልስ፦ ወለል አድርገህ ክፈት ማለቱ አይደለም፤ ከመቆለፊያው አላቅቀው ማለቱ ነው። ሜዳ ላይ ስታርፍ የአውሮፕላኑ አካል ከተጣመመ በሩ ከነፍሬሙ ይነክሳል፤ አልከፈትም ይላል። ቀድመህ ካላቀቅከው ግን በእግርህ ትገፋዋለህ። አንዳንዱ ሰው ዳግም እንዳይዘጋ ጫማውን ወይም መጽሔት በበሩ መሃል ይሸጉጣል። ቅደም ተከተሉን ግን አታዛንፍ፦ መጀመሪያ ፍጥነትህ፣ ቀጥሎ ሚክስቸሩን፣ ነዳጁንና ማግኔቶውን መዝጋት፣ ከዚያ ፍላፕ፣ ፍላፑ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ከሱ በኋላ ማጥፋት፣ በመጨረሻ በሩ። ከፍታው ለሁሉም ካልበቃህ ከመጨረሻው ቆርጠህ ተው እንጂ ከመጀመሪያው አትዝለል።